ቀተለነ ነው የጻፍኩት

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀን። መብራትም ከምሳ በኋላ ሄደ። ይሁን … ዛሬ ግን በሳቅ ሞተናል።

ጓደኛዬ ምስጢር ጠዋት ከአዘዞ ስትመጣ የሆነችውን ነገረችን። ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ጭኗል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ግቢ፣ ቦታ አለ!» ይላታል። ውስጡን አየት አድርጋ «አልቦ መንበር» አለችው።

«ምን አልሽኝ?»

«አልቦ።»

«በጠዋቱ ትሰድቢኛለሽ እንዴ!»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ቄስ ናቸው ያዳኗት። እየሳቁ «በግእዝ መቀመጫ የለም ነው ያለችህ፣ ልጄ» አሉት።

ከተማው ላይ የምንረጨው ይቺን ቃል ነው። አልቦ ማይ። አልቦ ብርሃን። አልቦ ኔትወርክ። የኔታ «ኔትወርክ የሚባል ነገር ግእዝ ውስጥ የለም» ቢሉ የክፍላችን ልጅ ገብረ ኪዳን «ጎንደር ውስጥም የለም፣ የኔታ» አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

የኔታ የምንለው መምህር ልዑልቃልን ነው። አሥራ አንደኛ ክፍልን አማርኛ ያስተምራሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ደግሞ ግእዝ፣ ለፈለገ ሰው። ማርክ የለው፣ ፈተና የለው። አሥራ ዘጠኝ ነን። ከአሥራ ዘጠኙ ሂጃብ የለበስኩ እኔ ብቻ። መጀመሪያ የገባሁት ምስጢርን ውጭ ስጠብቃት ስለበረደኝ ነበር። አሁን እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ።

ለምን ወደድኩት? የመጀመሪያው ቀን የኔታ «አባቶች ግሥ ማርባት የሚጀምሩት በዚህ ነው» ብለው ሰሌዳው ላይ ቀተለ ብለው ጻፉ። ገደለ ማለት ነው። እጄን አወጣሁ። «የኔታ፣ እኛ መድረሳ ‹ረዳ› ብለን ነው የምንጀምረው። እናንተ ምነው በመግደል?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ፈነዱ። ቃሉ ግን በዐረብኛም ያው ቀተለ ነው። እኔ ገደልኩ ሲል አንዱ በ«ቱ» ይጨርሳል፣ ሌላው በ«ኩ»። ያን ቀን ሁለቱን እያስተያየሁ ስሄድ የቤቴን መታጠፊያ አልፌ ሄድኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የሳምንቱ ቀታሊ ተመረጠ። የሳምንቱ ገዳይ መሆኑ ነው። በየሐሙሱ እጅ እያወጣን እንመርጣለን፣ ያሸነፈው ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ብርድ ስምንት፣ ፊዚክስ አሥራ አንድ። «ፊዚክስ ቀተለነ።» ፊዚክስ ገደለን።

የኔታ ጠመኔውን እንደያዙ «ቆዩ እስቲ፣ ፊዚክስ ወንድ ነው ሴት? ሴት ከሆነች ቀተለተነ ነው የሚባለው» አሉ። እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ወንድ ሆነ። ገብረ ኪዳን «ሴት ብትሆን አንድ ቀን ትራራልን ነበር» አለ። ምስጢር ደብተር ወረወረችበት።

ገብረ ኪዳን የኮሶዬ ልጅ ነው። ዲያቆን ነው። ከቆሎ ትምህርት ቤት ነው የመጣው፤ አሁን እዚህ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ከሁላችን ይበልጣል፣ ኩራት ግን የለበትም።

ቤት ስገባ አባ ከመስጊድ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። «‹ልጅህ ግእዝ ትማራለች ይባላል› አሉኝ።»

«እና?»

«እና ቋንቋ ነው አልኳቸው። ግን ዐዚዛ … በዚህ ነገር አንድ ችግር የሰማሁ ቀን ያበቃል።»

ምን ችግር ይመጣል? በግሥ?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ትምህርት አልቦ። የኔታን ሳል ይዟቸዋል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ እንጃ።

ሸዋአየሁ … ምክትል ርእሰ መምህራችን። ፊት ለፊት «ቲቸር» እለዋለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለውም። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ሳቀ ብሎ አሥራ አንደኛ ክፍልን በሙሉ ሜዳ ላይ አቆመን። የሳቀው እስኪወጣ። ሃምሳ ደቂቃ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከፊቴ የነበረችው ልጅ ጉልበቷ ከዳትና ዘጭ አለች። አስም አለባት፣ እሱም ያውቃል። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ተዋናይ!»

ተዋናይ።

ምስጢርና እኔ ደግፈን ወሰድናት። ከንፈሯ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እሱ አሁንም «ማነው የሳቀው?» ይላል።

ከዘጠኝ ተኩል በኋላ የኔታ አልመጡም፣ አልተሻላቸውም። ቁልፉን ለገብረ ኪዳን ልከውለት እርስ በርስ ከለስን። የሳምንቱን ቀታሊ ለመምረጥ ክርክር እንኳ አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ለዜሮ። ጠመኔውን ያነሳሁት እኔ። በትልቁ፣ ሰሌዳው መሀል፦

መምህር ሸዋአየሁ ቀተለነ።

መምህር ሸዋአየሁ ገደለን። ገብረ ኪዳን ራቅ ብሎ አየና «ፊደልሽ አማረ» አለኝ። እየተቀባበልን አልነው፣ ጮኸን አልነው፣ በዜማ አልነው። ብርዱ ከሰውነቴ የወጣው ያኔ ነው።

ሰሌዳውን ሳናጠፋ መውጣታችን ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ። ነገ ማልጄ አጠፋዋለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

አልቀደምኩም።

ሸዋአየሁ ሰልፉ ፊት ወረቀት ይዞ ወጣ። «በዚህ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የግድያ ዛቻ ተጽፏል» አለ። «በግእዝ ሲሆን የማይገባን መስሏቸዋል። ጠይቀን ተረድተናል።» ወረቀቱን ዘረጋና ቃል በቃል አነበበ፦ «መምህር ሸዋአየሁ ቀተልነ።»

ቀተልነ!

ምስጢር ክንዴን ጨመቀችኝ። ሲገለብጥ «ለ»ን «ል» አድርጓታል። ቀተለነ ሲሆን እሱ ገደለን ነው። ቀተልነ ሲሆን እኛ ገደልን። አንዲት ፊደል። ሰውዬው አንዲት ፊደል መገልበጥ አቅቶት ከተከሳሽነት ከሳሽ ሆነ!

«በዚህ ጊዜ!» እያለ ጮኸ። በዚህ ጊዜ ስለ መግደል አይቀለድም … እሱስ እውነት ነው። ለዚህ ነው ማንም ያልሳቀው። እኔም አልሳቅኩም።

ገብረ ኪዳን ዛሬ የለም። ኅዳር ሚካኤል አይደል፣ ቅዳሴ ላይ ነው። ሸዋአየሁ ሰልፉ ፊት ስሙን ጠርቶ ምን ይላል? «ቁልፉ የነበረው እሱ ጋ። የሚያምር የግእዝ ጽሕፈት ያለው እሱ። ዛሬ የጠፋው እሱ።» ጠፋ! ግማሽ ጎንደር ሚካኤል ነው የዋለ፣ ሁሉም ጠፍቶ ነው?

ሰሌዳው ተወልውሏል። የቀረው የሱ ወረቀት ብቻ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ገብረ ኪዳንን ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አስወጡት። «አባትህን ይዘህ እስክትመጣ ክፍል አትገባም።»

ደብተሮቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ወደኔ አላየም። ሆን ብሎ ነው። ቢያየኝ ፊቴ ይናገርብኝ ነበር።

ማን እንደጻፈው ሲጠይቁት «አላወጣም» አለ አሉ። ሌላ ምንም።

ለምን አልተነሳሁም? ወንበሬ ላይ ተሰፋሁ። አባ ያለኝ መጣብኝ … ያበቃል ያለው። ማክሰኞና ሐሙስን ላለማጣት ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን ሰኞንም፣ ረቡዕንም፣ ሁሉንም ቀን አጣ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሁሉም ሰው ያናድደኛል።

ሸዋአየሁ ያናድደኛል። ቀተለ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ያናድደኛል፤ ማንም ይሁን፣ ግማሹን ነግሮት ግማሹን ዋጠው። ባለፈው ሳምንት በዜማ ሲሉት የነበሩት አሥራ ሰባቱ ያናድዱኛል፣ ዛሬ ኮሪደር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ምስጢር «ትንሽ ቆይ፣ ይበርዳል» ትላለች፤ እሷም አናደደችኝ። ገብረ ኪዳን ራሱ ያናድደኛል። ማን ዝም በል አለው? ስሜን ቢጠራ እገላገል ነበር እኮ!

ይህን ጽፌ አነበብኩት። የሁሉም ስም አለ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀርታለች።

ገብረ ኪዳን ጠዋት ወደ ኮሶዬ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ አሉ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የኔታ ተሽሏቸው መጡ። የግእዙ ክፍል ተቆልፏል። በር ላይ ወረቀት፦ «ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ታግዷል።» በረንዳው ላይ ቆመን ጠበቅናቸው፤ ዘጠኝ ሰው ነን፣ ሌሎቹ ቀሩ።

ወረቀቱን አነበቡ። ሳል ያዛቸው። ከዚያ «ማን እንደጻፈው አልጠይቃችሁም» አሉ። «ሰሌዳው ላይ የነበረው ግን እንዴት ነበር? በለ ነው በል?»

ምስጢር «በለ» አለች።

«እንግዲያው ትክክል ተጽፏል» አሉ። «ትክክል ለጻፈ ልጅ አሁን የሚቀረው ቀላሉ ነው።»

ቀላሉ! «እኔ ነኝ» ማለት ቀላል ነው? እሳቸውም አናደዱኝ። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አባ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አለኝ። ፈተና ደርሷል አልኩት። ውሸታም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሐሙስ ይሰበሰባል። ተማሪ ገብረ ኪዳን ምናለ ከነወላጁ ካልቀረበ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

አንድ ዓመት። ቤት ኪራይ ከፍለው እዚህ ያስቀመጡት አባቱ ከአንድ ዓመት በኋላ መልሰው ይልኩታል? አይልኩትም። አበቃ ማለት ነው።

ማስታወቂያው ላይም ቀተልነ ተብሎ ተጽፏል። በማኅተም።

በቃኝ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ገባሁ። ቢሮው ውስጥ ሸዋአየሁ አለ፣ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ መንበረም አሉ። ቆሜ ተናገርኩ። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ሁሉ ጠፍቶኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሸዋአየሁ ሳቀ። ምንም ብዬ አስቤ ነበር … ይቆጣል፣ ይጮሃል፣ ያባርረኛል ብዬ። ይስቃል ብዬ አላሰብኩም።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም።»

«አራዳ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው የዐብዱልከሪም ልጅ አይደለሽ አንቺ?»

«ነኝ።»

«እና የእስላም ልጅ ግእዝ ከየት አመጣሽ?»

«ከክፍል። ከየኔታ።»

«በይ ተይን። ለልጁ ብለሽ ነው። እኛም ወጣት ነበርን።»

ለልጁ! ጆሮዬ ጋለ። ወላሂ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ልበትንበት ነበር። ዝም ስል ስምንት ቀን ያልጠረጠረኝ ሰው እውነት ስናገር ሳቀብኝ! ስሜን እንኳ አልጻፈውም። አልመሰልኩትም። ለመወንጀልም አልበቃሁትም።

«ኮሚቴው ፊት ልቅረብ» አልኩ። ወይዘሮ መንበረ እስካሁን ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። «ወላጅ ይዘሽ ከመጣሽ መብትሽ ነው» አሉኝ።

እና ወላጅ … ቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። አባ የተዘረጋ ጣቃ ይጠቀልላል። ሁሉንም ነገርኩት። ብርዱን፣ የወደቀችዋን ልጅ፣ ጠመኔውን፣ የ«ለ»ን ነገር። እጁ አልቆመም፣ ጠቅልሎ እስኪጨርስ።

«ልጁ ከተባረረ ስንት ቀን ሆነው?»

«ስምንት።»

«ስምንት ቀን አንቺ ክፍል ገብተሽ ትማሪያለሽ፣ እሱ ቤቱ ተቀምጧል።»

«አዎ።»

«የጻፍሽውን አልጠየቅኩሽም። ስምንቱን ቀን ነው የጠየቅኩሽ።»

ከጣቃው የወደቀ ክር አነሳሁ። «ስለ ግእዙ በኋላ እናወራለን» አለ። «ሐሙስ እመጣለሁ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

እንዳይረሳኝ እንደሆነው ልጻፍ።

ኮሚቴው አምስት ሰው። ወይዘሮ መንበረ መሀል፣ ሸዋአየሁ በቀኛቸው። የኔታ በምስክርነት ተጠርተው ጥግ ላይ። አባ ከጎኔ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ። የገብረ ኪዳን ወንበር ባዶ። አባቱም የሉም።

የኔታ ተነስተው የ«ለ»ንና የ«ል»ን ልዩነት አስረዱ። ቀስ ብለው፣ እንደ ክፍል። ሸዋአየሁ መሀል ላይ አቋረጣቸው። «ለም ሆነ ል፣ መግደል መግደል ነው!»

«አይደለም» አሉ የኔታ። «ገዳይና ሟች ይለያያሉ።»

አንዱ መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ወይዘሮ መንበረ ወደኔ ዞሩ። «እኔ ጻፍኩ ብለሻል። መምህር ሸዋአየሁ አትችልም ይላሉ። እስቲ አሰሚን።»

ተነሳሁ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። ቀተለ፣ ቀተሉ፣ ቀተለት፣ ቀተላ፣ ቀተልከ፣ ቀተልክሙ፣ ቀተልኪ፣ ቀተልክን፣ ቀተልኩ፣ ቀተልነ። አላቆምኩም። ቀተለኒ፣ ገደለኝ። ቀተለነ፣ ገደለን። ቀተለከ፣ ቀተለኪ፣ ቀተሎ፣ ቀተሎሙ … እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፣ ዘበኛው በመስኮት አንገቱን አስገባ። ቢሮ ውስጥ ቆሜ ገደለ፣ ገደሉ፣ ገደለች እያልኩ! የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ስጡኝ አልኩ። የሸዋአየሁን ወረቀት። «ቲቸር፣ እርስዎ እንደገለበጡት ‹መምህር ሸዋአየሁን ገደልን› ለማለት ‹ሸዋአየሁሃ› መባል ነበረበት። የሰው ስም ተደራጊ ሲሆን ‹ሃ› ይጨመርበታል። እዚህ የለም። እኔ ብዝት እንኳ እንዲህ ያለ ስሕተት አልጽፍም።»

አባ አጎነበሰ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ወይዘሮ መንበረ «ታዲያ ለምን ጻፍሽው?» አሉ።

«በዚያ ብርድ ሃምሳ ደቂቃ አቁመውን ሰው ወደቀች። ለዚህ ነው።» ሸዋአየሁ «ተማሪ አስተማሪን በሰሌዳ …» ብሎ ጀመረ። «ወደቀች ወይስ አልወደቀችም?» አሉት ወይዘሮ መንበረ። «ወድቃለች፣ ግን …» «ይበቃል።»

ውሳኔው፦ ገብረ ኪዳን ነጻ ነው። እኔ አሥር ቀን እገዳ፣ መምህርን በጽሑፍ በመስደብ። ለየኔታ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። የግእዙ ትምህርት «ተጠንቶ እስኪወሰን» እንደተዘጋ ይቆያል።

ለሸዋአየሁ? ምንም። ይቅርታ አላለም፣ በሉም አላሉትም።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

እገዳው ይገባኛል፣ እሺ። የኔታ ግን ምን አደረጉ? በ«ለ» ነው የተጻፈው ስላሉ? በነጻ ስላስተማሩ? ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ አይቻለሁ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው። ንዴቴ አልወጣልኝም። ሊወጣልኝም አልፈልግም።

ከጁምዓ ሲመለስ አባ «ነገ ኮሶዬ እንሄዳለን» አለ። «ነገ ቅዳሜ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ።» ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ዘግቶ አያውቅም። እማ «መንገዱ ደኅና ነው?» ብላ ሦስት ሰው ጠየቀች።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሚኒባሱ ውስጥ አባ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ኮሶዬ ስንወርድ ብርዱ እንደ ጥፊ መታን። የነገብረ ኪዳንን ቤት ለማግኘት ከአስፋልቱ ወደ ታች ግማሽ ሰዓት በእግር።

ዝናብ ፈርተው በቅዳሜም አውድማ ላይ ናቸው። ገብስ በበሬ ያበራያሉ። ገብረ ኪዳን መንሽ ይዞ ገለባውን ይገለብጣል። አየኝ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

አባ ወደ አባቱ ሄደ። «አያ ምናለ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው፣ በደኅና?»

«ልጄ ልጅዎን በድላለች። ራሷ ትነግርዎታለች ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ነገርኳቸው። ጭድ እየነፋብኝ፣ አቧራ አፌ ውስጥ እየገባ። ሰምተው ሲጨርሱ በሬዎቹን አቆሙ። «ይሄ ልጅ ምንም አላለኝም» አሉ። «ሲመጣ ‹አጨዳ ልረዳ መጣሁ› አለኝ። እኔም ሸጋ አልኩ።» ለዚያ ነው ኮሚቴው ፊት ያልቀረቡት። ከነጭራሹ አልተነገራቸውም።

እናቱ ለኔና ለአባ ወተት አመጡልን። «እኛ ጾም ነን፣ እናንተ ጠጡ።» አልወረደልኝም፣ ግን ጠጣሁ።

ገብረ ኪዳን ጋ ሄድኩ።

«ነጻ ነህ። ሰኞ መግባት ትችላለህ።»

«ሰማሁ።»

«ለምን አልተናገርክም? ለምን እሷ ናት አላልክም?»

መንሹን ተከለው። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ድምፁ ግን ዝቅ ያለ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ሰኞ ጠበቅኩ። ማክሰኞ መናኸሪያ ቆሜ ሁለት መኪና አሳለፍኩ፣ ምናልባት ሰው ይልኩብኝ ይሆናል ብዬ። ከዚያ መጠበቅ ተውኩ።»

«ይቅር በለኝ።»

«አባቴ እዚህ ናቸው፣ አባትሽም አሉ። በሰው ፊት አትበይኝ።»

«ብቻህን ስትሆንስ?»

«ዛሬ አይደለም፣ ዐዚዛ።»

ስንመለስ ዳገቱን ስንወጣ አባ አፉን ከፈተ። «ያቺ ‹ሃ› ያልሻት …»

«እ?»

«በደንብ ነው የተናገርሽው።» ዳገቱ ጫፍ ላይ ኮፍያውን አስተካከለ። «ግእዙን አትተዪውም። ትቼዋለሁ ብትዪ አሁን እኔ ነኝ የምቆጣው።»

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

የእገዳው ስድስተኛ ቀን። ሱቅ ጨርቅ እለካለሁ። ምስጢር መጥታ «ገብረ ኪዳን ገና አልተመለሰም» አለች።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ተመለስኩ። እሱም ተመልሷል። ኋላ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። እንደምን አደርክ አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እዚያው አበቃ።

ሰልፍ ላይ ሸዋአየሁ አዲስ መመሪያ አነበበ። ከመደበኛ ትምህርት ውጭ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። የኔን ውሳኔም አነበበ፣ ከነስሜ፣ ሁሉ ሰው ፊት። የገብረ ኪዳንን ነጻ መባል አላነበበም። የወነጀለው እዚሁ ሰልፍ ላይ ስሙን ጠርቶ ነው። ሲመልሰው በሹክሹክታ!

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ አንድ ረስተዋል።» ሜዳው ሁሉ ዞረ። «ገብረ ኪዳን ምናለ አልጻፈም ተብሎ የተወሰነው።»

ሌላ አሥር ቀን ይሰጠኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወይዘሮ መንበረ ከኋላው መጥተው ማይኩን ወሰዱና ራሳቸው አነበቡት። ሸዋአየሁ ጫማውን ያይ ነበር።

ሰልፉ ሲበተን ገብረ ኪዳን ቀድሞኝ ክፍል ገባ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ተኩል። የግእዙ ክፍል አሁንም ቁልፍ ነው። የኔታ እንዳያስተምሩ በደብዳቤ ታስረዋል። መለያየት ስላልፈለግን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ስንት እንሆናለን ብዬ ነበር፣ ዘጠኝ? ሠላሳ አንድ ሆንን። የማላውቃቸው ዘጠነኛ ክፍሎች ሁሉ መጥተዋል። «ቢሮ ውስጥ የተጮኸው እንዴት ነው?» ይላሉ። ያቺ ሜዳ ላይ የወደቀችው ልጅም መጥታለች፣ በሻርፕ ተጠቅልላ።

ግን አስተማሪ የለም። ማንም ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ከዚያ ገብረ ኪዳን ተነሳ። «በቆሎ ትምህርት ቤት መምህሩ በሌለ ቀን የሚያውቅ የማያውቀውን ያስቀጽላል፣ እየመራ ያስደግማል» አለ። እንደ አውድማ ሥራ በእጁ እየለየ ከፋፈለን። እናንተ ወደዚህ፣ እናንተ ወደዚያ። ለምስጢር አምስት ሰጣት። ለራሱ አሥሩን አዲሶች ያዘ።

እኔ ደረጃው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ከቀን ወደ ቀን የተጠራቀመው ንዴት አሁንም እዚህ ደረቴ ውስጥ አለ። በሸዋአየሁ። በዚያ ደብዳቤ። በስምንቱ ቀን። ቀና ስል ሸዋአየሁ በፎቁ መስኮት ቆሞ ያየናል። ይይ።

ገብረ ኪዳን መጥቶ ፊቴ ቆመ። ዓይኑን ዓይኔ ላይ አላሳረፈም፣ ስሜንም አልጠራም። ከኋላው ስድስት ዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ደብተራቸውን አቅፈው ይጠብቃሉ።

«እነዚህን አንቺ ያዢ» አለኝና ወደ ራሱ ተማሪዎች ሄደ።

ይቅር አላለኝም። ስድስት ሰው ሰጠኝ።

ጠጋ በሉ አልኳቸው።